የተኮላተፈ እጅ

አገጭን ወደ ኋላ፣ ትከሻን አይደለም አገጭን፣ ተረከዝ ግድግዳ፣ ዳሌ ግድግዳ፣ ጀርባ ግድግዳ፣ ጭንቅላት፣ ጭንቅላት ገና ነው፣ በእሱና በግድግዳው መሃል መዳፍ ይገባል፣ ባለፈው ሰሞን ግን ጡጫ ይገባ ነበር፣ ተመስገን። እታለም ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ድንች ትልጣለች። ዝንፍ ስል ቢላዋውን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ቀና በል ማለቷ ነው፣ ይሄንንማ የምልክት ቋንቋ የማያውቅም ይገባዋል።

ታላቅ እህቴ ናት፣ ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይሰማም፣ እኔ ስወለድ ቤቱ ሁሉ በእጅ ነበር የሚያወራው፣ እናታችን አፉን የፈታው በጣቱ ነው ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ዛሬም ስናደድ ቀድሞ የሚነሳው እጄ ነው፣ ሰው ሊማታ ነው ብሎ ይሸሸኛል።

ይሄ እጅ ነው ሊሄድ የነበረው።

ሊሄድ ነበር፣ እኔ የት አውቄ። የቤት ንድፍ እሠራለሁ፣ ላፕቶፑ ሶፋው ፊት ባለችው አጭር ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ በላዩ ተደፍቼ፣ መስመር፣ በር፣ መስመር፣ ሲመሽ ደግሞ ልረፍ ብዬ አልጋ ላይ ስልክ፣ ትራሱን አጥፌ አገጬን ደረቴ ላይ ተክዬ፣ እረፍት እቴ። ጠዋት አንገቴ አልዞር ሲል ትራሱን ወቀስኩ፣ ብርድ ነው አልኩ፣ ቅባት ተቀባሁ። መንገድ ላይ ጓደኛዬ ሲጠራኝ ከነትከሻዬ እንደ ቁም ሳጥን ዞርኩለት፣ ምነው ሚኒስትር ሆንክ እንዴ አለኝ፣ ሳቅን፣ አለፈ።

እራት ላይ ነው። ደንበኛዬ ደረጃውን ወደ ቀኝ አዙርልኝ አለኝ እያልኩ አወራታለሁ፣ ፊቷን ቋጠረች። ምን? ደገምኩላት። ምን? ደክሟታል አልኩ በሆዴ። እጄን አየር ላይ ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ አየችው፣ ለቀቀችው። እጅህ ይኮላተፋል አለችኝ። እንዴት ነው እጅ የሚኮላተፈው? አውራ ጣትህ ቃሉን ሳይጨርስ ይተወዋል፣ ደግሞ ዛሬ አይደለም የጀመረህ፣ እኔ እኮ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ነበር። ያኮረፍከኝ፣ ብቻዋን ተቀምጣ ምን አጠፋሁ ስትል ከርማለች ማለት ነው፣ ተወው፣ አሁን ተወው።

የሸሚዝ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዓይንህን ጨፍነህ አንሳው። ይቺ ምን አላት፣ ጨፈንኩ፣ ዳበስኩ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆንጥጬ አነሳሁ፣ ይኸውልሽ። ዓይኔን ስገልጥ ቁልፉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጣቶቼ እንደተቆናጠጡ አየር ላይ፣ ባዶ።

ሥራው ይቅር፣ መስመር ሌላም ሰው ያሰምራል፣ ከእሷ ጋር በምን ላወራ ነው፣ በግራ እጅ? በቅንድብ?

በማግስቱ ከምትሠራበት ጫማ ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሌላ ጊዜ እሷ ታማሚ፣ እኔ አስተርጓሚ፣ ያን ቀን ሁለቱንም እኔ። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ምን ትላለች አሉኝ። እሷ እጇን ታወናጭፋለች፣ ቀኑን ሙሉ እንደተደፋ ነው፣ ሲበላም ስልክ፣ ሲተኛም ስልክ፣ ደግሞ ይዋሻል በላቸው። አልፎ አልፎ ያጎነብሳል ነው የምትለው አልኳቸው። ለካ ከንፈሬን እያነበበች ነው፣ በክርኗ ጎኔን ስትለኝ ያለ አስተርጓሚ ገባቸው። እስቲ አሁን ሙሉውን፣ አሉ። ሙሉውን ነገርኳቸው።

አንገቴ ኤምአርአይ ከተነሳ በኋላ ፎቶው ላይ በብዕራቸው ጫፍ አሳዩን፣ በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል፣ ጭንቅላት ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር ጫናው ይብሳል። ተጭኖታል፣ ተጭኖታል፣ ልተረጉምላት እጄ አልነሳ አለ፣ እሷ ግን ከፊቴ ላይ አንብባ ጨርሳለች። ነርቩ አልሞተም ግን፣ አሉ፣ በጊዜ ደርሳችኋል፣ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው፣ ለመሆኑ ማን ነው ያስተዋለው? እሷ፣ አልኩ። ብድግ ብለው ጎንበስ አሉላት፣ በዚያ ዕድሜያቸው።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ የተደፋ ድስት ላይ ተሰቅሎ ዓይን ለዓይን እንተያያለን፣ ድስቱን የሰጠችኝ እሷ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀን ሲደርስ ጫማዬን በር ላይ የምታስቀምጥልኝ እሷ። ስልኬን ዓይኔ ትይዩ ሳነሳ ፎቶ የማነሳቸው እየመሰላቸው ሰዎች ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ይሁንላቸው። መደንዘዙ ደግሞ እንደ ግትር እንግዳ ነው፣ ሄድኩ ሄድኩ እያለ በር ላይ ይቆማል፣ ግን እየሄደ ነው፣ መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ አቃጠለኝ፣ ጣቴን ላስኩ፣ ደስ ብሎኝ ድጋሚ ነካሁት፣ ጅል።

እንደታዘዝኩት ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ጭንቅላቴን ስለማላዞር የማየው እሷን ብቻ ነው፣ መቼ ነው ይሄ ሽበት ጆሮዋ ሥር የወጣው፣ ያምርባታል። ምን ታፈጣለህ? ሽበትሽን። ልጣጭ ወረወረችብኝ፣ አትንቀሳቀስ ደግሞ። እሺ፣ አልንቀሳቀስም፣ ስሚ፣ አንድ ሰውዬ መጣ፣ ማድ ቤቱን ያለ መስኮት ንደፍልኝ አለ፣ እኔም አልኩት፣ አላስጨረሰችኝም፣ ድንቹን ጉልበቷ ላይ ጥላ ሁለት እጇን አነሳች፣ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እንፋሎቱ በየት ሊወጣ፣ ሚስቱን ጠይቀሃታል? ቆይ ልጨርስልሽ፣ የምን መቆየት፣ ድሮ ስታቋርጠኝ ደሜ ይፈላ ነበር፣ አሁን ታቋርጠኝ፣ ሰው የሚያቋርጠው የገባውን ነው፣ ቃሌ ሳያልቅ ገብቷታል፣ እሺ እንደገና፣ መስኮቱን እኔ፣ ደግሞ አቋረጠችኝ