ስድስት ዓመት በእትዬ ደብተር

ደብዳቤው የደረሳት ሥራ ቦታ ነው። የምትሠራበትን የሆስፒታል ላውንደሪ አድራሻ ለባንኩ የሰጠችው ራሷ ናት፤ ቤት ከመጣ ልጄ ቀድማኝ ታነበዋለች ብላ። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ “ተማሪዋ! ከባንክ ነው!” ሲል እሷና ባልደረባዋ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጥፉ ነበር።

“ተማሪዋ” የተባለችው ከሥራ መልስ ፊደል መማር ከጀመረች ወዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ አሁን ግን የመዝገብ ስሟን የሚያስታውስም የለ።

“አምጪ ላንብብልሽ፤ አንቺ እስክትጨርሺው ጡረታ እንወጣለን” አለች ባልደረባዋ።

“ተይ፣ የኔ ነው።”

የአንሶላ ቅርጫት ገልብጣ ተቀመጠችና ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ስትጨርስ እንደገና ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። “የቤት ብድር ጥያቄዎን ተቀብለን ማስተናገድ አልቻልንም” ይላል። ምክንያቱ ከታች ነው፤ በስምዎ የሚገባ መደበኛ ገቢ አልተገኘም።

“ምን ይላል?”

“ሥራ የለሽም ይላል።”

ባልደረባዋ ከት ብላ ሳቀች። “ታዲያ ይሄን ሁሉ አንሶላ የሚያጥፈው ሰይጣን ነው?” አለች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ከልጇ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የተከራየቻቸውን ሁለት ክፍሎች አከራይዋ ሊሸጣቸው ነው። ደግ ሰው ስለሆነ፣ “ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ” ብሏት ነበር። ቅድመ ክፍያውን ከአፏ እየነጠቀች በዘጠኝ ዓመት አጠራቅማዋለች። የቀረው ብድሩ ብቻ ነበር። ካልሆነ ቤቱን የሚወስደው ግድግዳውን አፍርሶ መጋዘን ሊያደርገው የተዘጋጀ ነጋዴ ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ባንክ ሄደች። የብድር ሠራተኛው ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው፤ ትሕትናው ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም።

“እናቴ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ይሠራሉ ይላል። ደመወዙ የሚገባው ግን በሌላ ሰው ደብተር ነው።”

“የእህቴ ነው። በየወሩ ሳንቲም ሳታጎድል ትሰጠኛለች።”

“ይሰጡዎታል፤ አምናለሁ። እኛ ዘንድ ግን ገንዘቡ የደብተሩ ባለቤት ነው።”

በሳሙናና በበረኪና የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። “ይኼስ የማነው?”

ልጁ እጆቿን አየ፤ ቶሎ ብሎም ዓይኑን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰ። “እሱ እጅ አያይም፣ እናቴ። ደመወዝዎን በራስዎ ስም ያስገቡና ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ።”

ስድስት ወር። የወሩ መጨረሻ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሚያናድዳት ባንኩ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት ደመወዝ በእጅ መቀበል ቀርቶ በባንክ ሲሆን፣ የደመወዝ ክፍሉ ሁሉም የደብተር ቁጥር ያምጣ አለ። ደብተር ለመክፈት መፈረም ያስፈልጋል፤ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል። እሷ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ያንን ማድረግ ሞት መሰላት። የእህቷን፣ የእትዬን ቁጥር ሰጠችና ለጠየቃት ሁሉ፣ “እኔ ገንዘብ እጄ ላይ አይበረክትም” አለች። ቆይታ ስሟን መጻፍ ስትችልም አላስቀየረችውም፤ ለምን ብለው ቢጠይቋትስ? የሁለት ደቂቃ ሃፍረት ሸሽታ ስድስት ዓመት ከሠረች።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ነገሩን እስክትሰማ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ከዚያ ግን እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

“አንቺ ሞኝ! ለዚህ ነው ፊትሽ የጠቆረው? እኔ አለሁ አይደል እንዴ! የኔ ደብተር የሁለት ሰው ገቢ ነው የሚያሳየው። እኔ እበደራለሁ፤ ቤቱ በኔ ስም ይሆናል፤ አንቺ እየከፈልሽ ትኖሪያለሽ። አለቀ።”

በእርግጥም አለቀ ማለት ነበር። እሺ ማለት ብቻ ነው። ደክሟታል፤ እሺ ብላ ሄዳ ብትተኛ በወደደች።

“ምን ይዘጋሻል? አላመንሽኝም?”

“ከራሴ በላይ አምንሻለሁ።”

“ታዲያስ?”

“እትዬ፣ አንቺ እያለሽ ምንም አልፈራም። አንዳችን የሌለን ቀንስ? ልጆችሽም ልጄም የሚያነቡት ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ደግሞ ቤቱ ያንቺ ብቻ ነው ይላቸዋል።”

“ሟርተኛ! እኔን ገደልሽኝ እኮ!”

“በቃል ያለ ይረሳል ሲባል አልሰማሽም?”

“ይኼን ነው የሚያስተምሩሽ? ከእህትሽ የሚያጣላ?” እትዬ ጨርቁን ከመርፌው ሥር መንጭቃ አወጣችው፤ ስፌቱ ተበላሸ። “ቤቱ ያምልጥሽዋ!”

“ዛሬ የስድስት ዓመት ላብሽ ያንቺ አይደለም ተባልኩ። ነገ ቤትሽም ያንቺ አይደለም ከምባል፣ ያምልጠኝ።”

እትዬ የተበላሸውን ወደ ጎን ጣለችው። መኪናዋን መልሳ አስነሳችና ቁራጭ ጨርቅ መስፋት ጀመረች። ታናሿም ቻው ሳትል ወጣች።

ቤት ስትገባ ልጇ ደብተሯን ዘግታ ጠበቀቻት።

“እማዬ፣ ባንክ ምን አሉ?”

“እምቢ አሉ።”

“እትዬስ? እሷም እምቢ አለች?”

“እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጫማ ከእግሯ አወለቀችላት።

አከራዩን ለመለመን ሄደች። ስድስት ወር ቢታገሣት ብላ ጠየቀችው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። “ልጄ፣ እኔስ ጠልቼ መሰለሽ? ኩላሊቴ ስድስት ወር አይታገሠኝም” አለ። በዚህ ላይ ምን ይባላል? “ይማርዎት” ብላ ወጣች።

ሰኞ በሻይ ሰዓት፣ በስሟ የከፈተችውን አዲስ ደብተር ይዛ የደመወዝ ክፍሉ መስኮት ጋ ተሰለፈች። ከኋላዋ የጽዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞች አሉ። ጸሐፊው መነጽሩን ከፍ አደረገ።

“ለምን ትቀይሪያለሽ? ከእህትሽ ጋር ተጣላችሁ?”

አንገቷ ድረስ ሞቃት። “አይደለም። ያኔ መፈረም አልችልም ነበር። ጣቴን ማተም አፍሬ ነው።”

ድምጿ ከፈለገችው በላይ ወጣ። ከዚያ ከኋላ አንዷ፣ “እሺ፣ አሁን ከቻልሽ ፈርሚልንና ሻያችንን እንጠጣ! በረደ እኮ!” አለች። ያ ሁሉ ዓመት የፈራችው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ፈረመች፤ ደስታው ግን ከየት ይምጣ? ቤቱ ሄዷል።

በወሩ መጨረሻ አንድ ጠባብ ክፍል አገኘች፤ ዕቃዋን የጫነው ጋሪ በአዲሱ ቤት በር ላይ ሲቆም እትዬ ሳትጠራ መጣች። ፊቷ አልተፈታም። ሰላምታም አልሰጠችም። ፍራሹን በአንድ ጫፍ አነሳችና፣ “ምን ትገተሪያለሽ፣ ያዢው እንጂ!” አለች።

አዲሷ አከራይ የኪራይ ውሉን ይዛ ስትመጣ ታላቂቱ እትዬ መሆኗን አይታ ወረቀቱን ወደሷ ዘረጋች።

“ለሷ ስጫት” አለች እትዬ። “ውሉ የሷ ነው።”

እሷም ወረቀቱን ተቀብላ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀመጠች። አከራይዋ፣ “የተለመደው ነው እኮ፣ እዚች ጋ ብቻ ፈርሚ” አለቻት።

“ሳልጨርስ አልፈርምም።”

“ስንት ገጽ ነው?” አለች እትዬ።

“አራት።”

እትዬ የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። “በይ አንቺ ልጅ፣ ውሃ አምጪልኝ” አለቻት የእህቷን ልጅ። “እናትሽ ጀምራለች፤ ዛሬ እዚሁ ማደራችን ነው።”