የእህቴ ወንዝ

በሆስፒታሉ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሃ ስለመጣ ያመሰገነኝ የለም፤ ሲቋረጥ ግን ስሜን የማያነሳ አልነበረም። ታናሽ እህቴ ሠዓሊ ናት። ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕሙማን ተራ የሚጠብቁበትን ኮሪደር እንድታስውብ ተጠራችና ግድግዳውን ሙሉ ወንዝ አደረገችው፤ መሃሉ ላይ ሰዎች የተሳፈሩባት ጀልባ።

በተመረቀ ዕለት ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፤ እናታችን አለቀሰች። "እጅሽ ይባረክ" እያለች የእህቴን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመቻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ የራሴን እጅ አየሁ። ከኔ ቧንቧ እየጠጡ ለተቀባ ውሃ ያጨበጭባሉ አልኩ፤ አጠገቤ የነበረችው ነርስ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ከሦስት ወር በኋላ ከግድግዳው ሥር እርጥበት ታየ። በውስጡ የሚያልፈው ቧንቧ ማፍሰስ ጀምሯል። ከጀርባው የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል አለ፤ በዚያ ለመግባት መደርደሪያዎቹን ሁሉ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ መልፋት ነው። በሥዕሉ በኩል ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ለዳይሬክተሩ ሌላ መንገድ የለም አልኩት። ለእህቴ ደውሎ ሲነግራት፣ ወንድሜ ካለ እውነት ነው አለችው። ያ ነገር ወጋኝ፤ ቢሆንም መሮዬን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ምት የጀልባዋን አፍንጫ አረገፈው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ፊት ለፊት አግዳሚው ወንበር ላይ፣ በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት የሚመጡ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

"ልጄ፣ ጀልባዋን ልታፈርሳት ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ቧንቧው እያፈሰሰ ነው አባባ። ካልተጠገነ ማሽኑም ውሃ አያገኝም።"

"እሱስ ልክ ነህ። እኔ ግን መርፌው ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ እሷ ላይ ነው የምሳፈረው። ዛሬ በምን ልሄድ ነው?"

ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ የምር ጨንቋቸው ነበር። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ አንሶላው ክፍል ዞርኩ። መደርደሪያ ሳወጣ፣ ግድግዳ ስሰብር ዋልኩ፤ ቧንቧውን ቀይሬ ስጨርስ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ለእህቴ ደወልኩና መዋሸቴን ነገርኳት። ለምን ስትለኝ፣ እናታችን ጣቶችሽን ስትስም ቀናሁ አልኳት። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ሲል ያሳፍራል። ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ ቀለሟን ይዛ መጣችና፣ "በል መጀመሪያ ለስንልኝ፤ እኔ አልችልበትም" አለችኝ። ለሰንኩት፤ ሲደርቅ መሰላል ላይ ወጥታ መሳል ጀመረች። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ሲያደንቃት ያው ቅናቴ ሽቅብ መጣብኝ። ሥዕሏን የምጠላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔም ለሰው እንዲህ ያለ ነገር መስጠት አምሮኝ ኖሯል።

መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ከላይ ሆና፣ ሳታየኝ፣ አጥብቀህ ያዝ አለችኝ። ያዝኩ።