ጠብ የማይል ቴሌስኮፕ

ቧንቧ ሠራተኛውና መነጽር ሠሪዋ ታላቅ እህቱ በትርፍ ጊዜያቸው ቴሌስኮፕ ለመሥራት ሲነሡ ሌንሱ አላጣላቸውም፤ ያጣላቸው ቱቦው ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸውና ግትርነቱን እኩል ተካፍለዋል። እሷ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ወፍራም የካርቶን ቱቦ መረጠች፤ ቀላል ነዋ! እሱ ግን «እርጥበት የነካው ለት ይሟሽሻል» ብሎ ከፕላስቲክ ቧንቧው ፍንክች አልልም አለ።

ክርክሩ ሲሰለቻት «እሺ፣ እንዳልክ ይሁን» አለችው። «ውስጡን ጥቁር ቀባው። ትልቁን ሌንስ ጫፉ ላይ ለጥፈህ ዙሪያውን አጥብቀህ ድፈነው። በስንጥቅ ብርሃን ከሾለከ ምስሉ ይደበዝዛል።»

በነጋታው ከሥራ ስትመለስ ወንድሟ ግቢው መሃል ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃታል። ቧንቧውን ሌንሱን ወደ ታች አድርጎ በጡቦች መሃል አቁሞታል፤ እስከ አፉ ድረስም ውሃ ሞልቶበታል።

«ጠብ አላለም እትዬ! አንዲትም!»

ክው አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሌንሴን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍከው?»

«እኔ እኮ ሳልፈትሽ አስረክቤ አላውቅም።»

ሳቅና ንዴት እየተናነቃት ውሃውን ደፋች፣ ሌንሱን ወለወለች፣ ትንሹን ማያ ሌንስ በስተኋላ ገጠመች። አመሻሹ ላይ ቴሌስኮፑን መሰላል ላይ አስደግፈው ወደ ጨረቃ አነጣጠሩት። እሱ ዓይኑን እንደተከለ ቀረ።

«እነዚያ ጥቋቁር ቦታዎች ምንድን ናቸው?»

«የጥንት ሰዎች ባሕር ይሏቸው ነበር። ጠብታ ውሃ ግን የላቸውም።»

ዓይኑን ሳይነቅል በሐዘን ከንፈሩን መጠጠ።

«አየሽ እትዬ? ሳይፈትሹ ሲያስረክቡ እንዲህ ነው!»