አረፋ የደፈቀው ድንጋይ

ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሲመጣ ቢሮውን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩንም ያሳጥባል። ለጋዝ ፍለጋ ከተቆፈረው ጉድጓድ የወጣው ጥቁር የናሙና ድንጋይ ታጥቦ፣ በማድረቂያ ምድጃ ደርቆ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ጂኦሎጂስቷ ጠዋት ቤተ ሙከራው ገብታ ይህን ስታይ ክው አለች።

ምክንያት ነበራት። ጋዝ ያለው ድንጋይ ገና ከጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ያወጣል፤ የሙያው የመጀመሪያ ፈተና ይኸው ነው። ይህ ድንጋይ በወጣበት ቀን ራሷ ነከረችው፤ ጭጭ አለ። ለሥራ አስኪያጁ ስትነግረው "እናየዋለን" አላት። ይኸው ሊያዩት ነው። የደረቀ ድንጋይ ግን፣ ጋዝ ባይኖረውም፣ ቀዳዳው ሁሉ በአየር ስለሚሞላ ውሃ ሲነካው አረፋውን ይደፍቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ከየት ይወቀው? የተማረው አስተዳደር ነው፤ ድንጋይም እንደ ሠራተኛው እንግዳ ፊት ንጹሕ ሆኖ እንዲቀርብለት ይፈልጋል።

ይባስ ብሎ የክብር እንግዳው አባቷ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ እዚሁ መሥሪያ ቤት "ጋዝ አለ" እያሉ ሲሟገቱ "ጋሼ አመድ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ክርክራቸው እንዲህ ነበር፤ ጥንት እዚህ ባሕር ነበረ። እሳተ ገሞራ አመዱን ሲነሰንስበት፣ አመዱ ለባሕሩ ደቃቅ ፍጥረታት ማዳበሪያ ሆነ። እነሱም እየተባዙ፣ እየሞቱ ጭቃው ውስጥ ተቀበሩ። ኋላ ደግሞ ከሥር ሽቅብ የመጣ ቅልጥ አለት ያንን ጭቃ አብስሎ ጋዝ አወጣበት። ያን ጊዜ ማንም ጆሮ አልሰጣቸውም። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን ጉድጓድ በስማቸው ሊያስቆፍር ነው። ለዚሁ ቀን ከረባታቸውን ያሰረችላቸው እሷ ናት።

እንግዶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ድንጋዩ ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ገባና ተንፎለፎለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

"አያችሁልኝ?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ጋሼ፣ ይኸው ሕልምዎ!"

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዝም ብትል፣ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ደስታ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፤ ጉድጓዱ ባዶ የሆነ ዕለት ግን ስማቸው የአገር መሳለቂያ ነው። ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣

"አባዬ፣ አድርቀውት እኮ ነው" አለቻቸው።

"ከጉድጓዱ ሲወጣስ?"

"ምንም።"

አባቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈበትን ጡብ አንሥተው መጡና ገንዳው ውስጥ ለቀቁት። ጡቡ ከድንጋዩ ብሶ ተንፎለፎለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ እንግዳ በልማድ አጨበጨበ፤ ሁለት ሦስት ሰውም ተከተለው።

"ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

"ጡብ ነዋ ልጄ። ሰፈራችን ሙሉ ጋዝ ሆኗል ማለት ነው። በል ጉድጓዱ ይቅር፣ ስሜንም ተውልኝ።"

ልጃቸው ተከትላቸው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ ከረባታቸውን ፈቱ። ቀልዱ አልቆባቸዋል።

"ስለዚህ ዕድሜ ልኬን ስሳሳት ኖሬያለሁ?"

"ኧረ አልተሳሳትክም! አመዱም፣ ጭቃውም፣ ሙቀቱም ልክ እንዳልከው ነው። ድንጋዩ በደንብ በስሏል። ኋላ ግን መሬቱ ሲንቀሳቀስ እላዩ ላይ የተከደነው አለት ተሰነጠቀ። ጋዙ በዚያው ሾልኮ ሄደ።"

"መቼ?"

"ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው።"

አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው እንባቸው ቀረ፤ አልጠረጉትም።

"ግን ነበረ?"

"ነበረ፣ አባዬ።"