ልጄ ማንን ትምሰል

የሺሃረግ ለልጇ ክርስትና እናት የመረጠችው ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። አሰላ ውስጥ ሌላው ሰው ክርስትና አንሺ የሚፈልገው ልጁ ተወልዶ፣ ጥምቀቱ ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም እየተሯሯጠ ነበር። እሷ ግን የሕፃን ጠባይ ክርስትና ባነሳው ሰው ይወጣል የሚባለውን፣ ሌላው ለጨዋታ የሚያወራውን ነገር፣ ከልቧ አምናበት ነበርና ቸኮለች። ልጅ ተሸክሞ ከመጠመቂያው የሚያነሳው ሰው ዕድሜ ልኩን የዚያ ልጅ መስተዋት ነው ትል ነበር።

ሴት እንደምትወልድ እርግጠኛ ነበረችና የመረጠችው ወይዘሮ የውብዳርን ነው። ወይዘሮ የውብዳር በሲሬ በኩል ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ በቁርባን ኖረው በቁርባን ባላቸውን የቀበሩ ባልቴት ናቸው። ቅዳሴ ሲገባ ከሁሉ ቀድመው ይቆማሉ፣ ሲወጣም ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ። አንዳንድ ሰው የሰው አለባበስ ይኮርጃል፤ የሺሃረግ ግን የእሳቸውን ጾም ነበር የኮረጀችው። እመቤቲቱ ጽጌን ይጾማሉ ሲባል ሰምታ እሷም ጀመረች። ባሏ መርሻ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ «ቀስ በይ፣ እኔንም ጨምረሽ እንዳታመነኩሺኝ» እያለ ይስቅባት ነበር።

ወይዘሮ የውብዳር ጥያቄውን በደስታ ተቀበሉ። እሺ ካሉ በኋላ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው። ክርስትና አንሺልኝ ተብሎ የተለመነን ሰው ትቶ ወደ ሌላ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጠብ ነው።

በአጥር የምትጎራበታት ሌላ ሴት ነበረች፣ አልጣሽ። ጠላ ትሸጣለች። ሦስት ባል አግብታ አንዱንም በቁርባን አላገባችም። የመጨረሻው፣ ከጭላሎ ሥር የመጣው ቱሳ፣ ሲሞት የቀረላት አንዲት ላምና ኦሮምኛው ነው። በመንደሩ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው አልጣሽ ናት። ዘመድ የሌላት ሴት ስትሞት አጥባ የምትገንዘውም እሷው ናት። የሺሃረግ ስታምጥ ወገቧን የያዘቻት፣ የልጅቷንም እትብት የቆረጠችው ይህችው ሴት ነበረች። የሺሃረግ ግን በዕድሜ እናቷ የምትሆነውን ሰው አልጣሽ ብላ በስሟ ትጠራታለች፣ አንቺም ትላታለች። ጠላ ሻጭ እርስዎ አይባልማ።

ልጅቷ በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ሲገባ ተወለደች። በቤት አበባ አሏት። የክርስትና ስሟ ያው ስትጠመቅ የሚወጣ ነው። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ቀኑ ነሐሴ ሃያ ላይ ይውላል፤ ፍልሰታ ተፈቶ፣ ሥጋው ገብቶ፣ ለድግስ የሚመች ቀን ነበር።

ነሐሴ ሲብት በከተማው ትክትክ ገባ። አበባ መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር የያዛት፤ ኋላ ስታስል ትንፋሿ እየተቋረጠ ከንፈሯ ይጠቁር ጀመር። የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌ ወግቶ፣ ወደ መርሻ ዘወር ብሎ፣ «በጣም ትንሽ ናት» አለ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደአማኑኤል መጡ። ሕፃኗን አይተው ብዙ አልቆዩም።

«ለታመመ ሕፃን ሰማንያ ቀን አይቆጠርም» አሉ። «አንሺዋን ይዛችሁ ኑ፣ ዛሬውኑ አጠምቃታለሁ።»

አንሺዋ ግን አሰላ አልነበሩም። ወይዘሮ የውብዳር ፍልሰታን ሱባዔ ለመግባት በሲሬ በርስታቸው አጠገብ ወዳለው ቤተክርስቲያን ሄደዋል። መርሻ በነሐሴ አሥራ አንድ ጠዋት በቅሎ ተውሶ ገሰገሰ።

እሱ እንደ ወጣ አልጣሽ ገባች። ልጅቷን ከአልጋ ላይ አንስታ፣ ሳሉ እስኪያልፍላት ጀርባዋን እያሻሸች በቀኝ ትከሻዋ ያዘቻት።

«ኢንታላ ኮ» አለቻት፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ የሺሃረግ ዞረች። «የሺ፣ አንቺ አራስ ነሽ፣ ቤተክርስቲያን አትገቢም። ሲሬ ደግሞ ሩቅ ነው። እኔ ይዣት ልግባ። ስሙ የእሳቸው ይሁን። ሲመጡ እሳቸው ናቸው ያነሷት እንላለን፤ እኔ እጄን ብቻ ነው የማበድረው።»

የሺሃረግ ሦስት ቀን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ፈርታለች፣ ደክማለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የተናገረችው ከድካም የመጣ አልነበረም፣ ድሮም ውስጧ የነበረ ነው።

«ልጄ አንቺን እንድትመስል አልፈልግም» አለች።

አልጣሽ ልጅቷን አላስቀመጠችም። ቀጣዩ ሳል መጥቶ እስኪያልፍ ጀርባዋን ማሻሸቷን ቀጠለች፤ ከዚያ እናቷ እጅ ላይ አድርጋት፣ አብሽ ልታፈላላት ወደ ጓዳ ገባች። እንደ ተቀየመ ሰው ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ለየሺሃረግ ይቀላት ነበር።

መርሻ በማግስቱ ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ፤ ብቻውን ነበር።

«ለእመቤታችን የገባሁትን ሱባዔ ሳልፈታ አልወጣም ብለዋል» አለ። «ልጅቱን በጸሎቴ አስባታለሁ፣ በአሥራ ስድስት ፈትቼ በማግስቱ እደርሳለሁ፣ ጠብቁኝ ብለዋል።»

የሺሃረግ አለቀሰች። በመገረም ነበር የምታለቅሰው።

«አየህ?» አለችው። «ለሰው ብላ ለእግዚአብሔር የገባችውን የማታፈርስ ሴት። ልጄ እንደዚህ እንድትሆን እኮ ነው።»

መርሻ እግሩን እየታጠበ ቀና ብሎ አያት። «እኔ የምፈልገው ልጄ እንድትኖር ነው» አለ። ቢሆንም የወይዘሮ የውብዳር ቃል ለእሱም ከበደው፤ አለቃው የሚፈሯቸውን ሴት ማስቀየም ቀላል ነገር አይደለም። ዝም አለ። በዚህ ዝምታው ኋላ ራሱን ሲረግም ኖሯል።

አሥራ ሦስትን ጠበቁ። በአሥራ አራት ጠዋት ልጅቷ ማሳሏን ተወች። የሺሃረግ ተሻላት ብላ ደስ አላት። አልጣሽ ግን በበሩ ገብታ የሕፃኗን ፊት እንዳየች ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች። ልጅቷ ማሳል እንኳ አቅቷት እንደሆነ የሺሃረግ ያኔ ገባት።

«ውሰጃት» አለች። «አልጣሽ፣ ውሰጃት። አንቺው አንሺያት።»

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። አልጣሽ ልጅቷን በጋቢው ጠቅልላ፣ እሷ በቀሚሷ ብቻ ሆና፣ ጭቃውን እየረገጠች ዳገቱን ሮጠች። መርሻ ቄሱን ሊጠራ ቀድሞ ወጣ። የሺሃረግ ከኋላ እየወደቀች እየተነሳች እስከ ቤተክርስቲያኑ ቅጥር በር ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻለችም፤ አራስ ናት፣ ሕጉን ታውቃለች። ሕግ አዋቂነቷ ያን ጠዋት ምን ያህል እንደ መረራት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የበሩን እንጨት ይዛ ቆመች።

ቄስ ወልደአማኑኤል ጸሎቱን ጀምረው ነበር ይባላል። ውሃው ገና አልተባረከም።

አልጣሽ ስትመለስ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ይወርዳታል። የሺሃረግ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ልጇ ራስ ሰደደች። አልጣሽ ከዝናቡ አጥብቃ ሸፍናት ስለነበር ፀጉሯ ደረቅ ነበር።

ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ከቅጥሩ ውስጥም አይቀበርም። ከአጥሩ ውጭ በጽዱ ሥር ጉድጓድ ተማሰ። ቄሱ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ጥላ ሳይዙ፣ ከአጥሩ ወዲህ ወጥተው እስከ መጨረሻው አብረው ቆሙ። ሰው ሁሉ ዐፈሩን እየጣለ ሲሄድ ልጅቷን ጉድጓድ ውስጥ ያስተኛቻት አልጣሽ ጉልበቷን ከጭቃው ማንሳት አቅቷት፣ መርሻ ደግፎ አስነሳት።

ወይዘሮ የውብዳር እንዳሉት በአሥራ ሰባት ደረሱ፤ ለክርስትናው ያሠሩትን ነጭ ልብስም ይዘው ነበር። ከልባቸው አለቀሱ። ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው ቦታ ለቆ ከእናቷ ጎን አስቀመጣቸው። የሺሃረግ ልትጠላቸው ሞከረች፣ ግን አልሆነላትም። እሳቸው የሠሩት እኮ እሷ ስታደንቅላቸው የኖረችውን ነው። በደጁ በኩል አልጣሽ ለለቀስተኛው ንፍሮ ታዞር ነበር።

በሃምሳ አራት ጥር ላይ የሺሃረግ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሁለት ወር ሲሆናት፣ ለመርሻ እንኳ ሳትነግር፣ ሕፃኗን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ ድንጋይ ከማጅራቷ ላይ አድርጋ በአጥሩ ቀዳዳ አለፈች። በዚያ አገር እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው አልምርም ብሎ የሚመልስ የለም።

አልጣሽ ጋን ታጥን ነበር። አይታት ደነገጠችና ድንጋዩን ከማጅራቷ አንስታ ወዲያ ጣለችው።

«አራስ ድንጋይ ይሸከማል እንዴ? ምን ሆነሻል?»

«ይማሩኝ፣ እትዬ።»

«የዚያኑ ዕለት ነው የማርኩሽ። እርስዎ ደግሞ አትበዪኝ፣ የማላውቃት ሴት የመጣች ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ክርስትና ያንሱልኝ» አለች የሺሃረግ። ስታለቅስ ቃሉ ይቆራረጥባት ነበር። «ልጄ እርስዎን እንድትመስል ነው የምፈልገው። ከእርስዎ ሌላ ክርስቲያን አላየሁም።»

አልጣሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሕፃኗን ተቀበለቻት።

«እውነትሽን ነበር እኮ፣ የሺ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቂም የሚባል ነገር አልነበረም። «ያን የተናገርሽኝ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ልጅ እኔን ብትመስል ምን ታገኛለች ብዬ አሰብኩ። ጠላና ሦስት ባል። ሌላ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ክርስትና አንሺልን ብለው መጡ፤ ሦስቱንም መለስኳቸው። የሰው ልጅ በእኔ አይበላሽ።»

«እትዬ፣ ያን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልክ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ ጨንቆሽ ነው» አለች አልጣሽ፤ ታጽናናት ነበር። የሕፃኗን ግንባር ሳመችና መልሳ እናቷ እቅፍ ውስጥ አስገባቻት። «ደህና ሴት ፈልጊላት።»

የሺሃረግ እስኪመሽ ለመነቻት፤ በማግስቱ ቄሱን ይዛ መጣች፤ መርሻም ለመነ። አልጣሽ ሁሉንም በትሕትና ሰማች፣ ለሁሉም ወንበር አቀረበች፣ አንዳቸውንም ግን አላመነችም።