ሪሐና የእኔ ልጅ ናት

ሪሐና ዓረብ አገር መታሰሯን የሰማነው በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አሠሪዋ ወርቅ ሰረቀችኝ ብላ ከሰሰቻት። እሷም ፈርሚ ሲሏት ማንበብ የማትችለው ወረቀት ላይ ፈረመች። እስር ቤት ሄዳ የጠየቀቻት አንዲት ሐበሻ ለእናቷ ደውላ፣ «ጠበቃ ካላቆማችሁላት አትወጣም» አለቻቸው።

እኔና ሪሐና ካዛንቺስ አብረን ነው ያደግነው። በሰፈራችን የድራማ ክበብ ውስጥ አሮጊት ሆና ስትጫወት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ስለዚህ ለጠበቃው ገንዘብ እንዲሆን ከክበቡ ልጆች ጋር ቴአትር እናሳይ ተባባልን። የደረሰባትን ጻፍኩና አባቷ ጋሽ ኑሪ ልብስ ወደሚሰፉበት ሱቅ ይዤ ሄድኩ።

ሁለት ገጽ እንኳ ሳላነብላቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

«በቃ ሩቲ፣ ተይው።»

«ጋሼ፣ ሰው እንዲያዝንላት እኮ ነው።»

«ልጄ ሌባ ተብላ ስሟ መድረክ ላይ አይጠራም። ነገ ታገባለች፤ እህቶችም አሏት። በገዛ ሰፈሬ አንገቴን አታስደፉኝ።»

ሚስታቸው እትዬ አዚዛ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። «ያንተ ስም እንዲጠበቅ እሷ እዚያ ትበስብስ?» አሉ። ጋሽ ኑሪ የስፌት መኪናቸውን መልሰው አስነሱ።

ጽሑፌን ተውኩት። በምትኩ ሪሐና የምትወደውን አስቂኝ ድራማ አዘጋጀን። ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀምሮ በየግድግዳው የለጠፍነው ማስታወቂያ ላይ «በሰው አገር ለታሰረች እህታችን የጠበቃ ድጋፍ» ብቻ አልን።

እሁድ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። የአሮጊቷን ቦታ እኔ ያዝኩ። ሰው እየሳቀ ሳለ ጋሽ ኑሪን በሩ አጠገብ አየኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አይስቁም። ድራማው አልቆ ሲጨበጨብ በሰዉ መሀል እየተጋፉ መጥተው መድረክ ላይ ወጡ።

«ለማን እንደመጣችሁ አልነገሯችሁም» አሉ። «አትንገሩ ያልኩት እኔ ነኝ። የታሰረችው ሪሐና ናት፤ ሪሐና የእኔ ልጅ ናት። ልሂድ ስትለኝ እሺ ያልኩት፣ መርቄ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ልጄ የሰው ዕቃ አትነካም። የምታውቋት ታውቃላችሁ።»

ከኋላ የታክሲ ሹፌሩ ሸምሰዲን ተነስቶ፣ «እናውቃታለን!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም በየአፉ «እናውቃታለን» ይል ጀመር። ጋሽ ኑሪ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በተሰበሰበው ገንዘብ ጠበቃ ቆመላት። ጉዳዩ ግን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ተጓተተ። ጋሽ ኑሪ በየሳምንቱ ቤታችን እየመጡ «ጠበቃው ምን አለ?» ይሉኛል። ክረምቱ ሲገባ ኩላሊታቸው ታመመ። መስከረም ላይ አረፉ።

ሪሐና ከእስር ቤት ስትደውል እትዬ አዚዛ አንዴ «ሶላት ላይ ነው»፣ አንዴ «ገበያ ወጥቷል» ይሏታል። እዚያ ብቻዋን ሆና መርዶ እንዳትሰማ ብለን ሁላችንም ዋሸናት።

ጥር ላይ ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበታት። ወደ አገሯ የምትገባ ቀን ሸምሰዲን በታክሲው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደን። አንዲት ፌስታል ይዛ ወጣች፤ ከመክሳቷ የተነሳ መጀመሪያ አላወቅኋትም። እናቷን አቀፈች፣ እኔን አቀፈች፣ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ሰዉን ማየት ጀመረች።

«አባባስ?»

እትዬ አዚዛ በሻርፓቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ፌስታሏን ተቀበልኳት። እሷ ግን ገባት።

«መቼ?»

«መስከረም ላይ» አልኳት።

«ጠበቃው ነፃ ነሽ ሲለኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው አባባ ነበር።»

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። ሸምሰዲን የመኪናውን በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፤ እኔና እትዬ አዚዛ ከግራና ከቀኟ መሬት ላይ ተቀመጥን።