የሃቺሌካ ላሞችና የጅቡ ንግግር

በበቆሎ ማሳዬ መሐል ላብላብ የሚባለውን የመኖ ሐረግ የዘራሁት ጎረቤቴ ሃቺሌካ ነዝንዞኝ ነው። ላሞች ያረባል፤ ወተቱን ሞንዜ ከተማ ያስረክባል።

«አንተ ጅብ፣» አለኝ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «በቆሎህን ሰው ሲበላው ምን አተረፍክ? ሰው ጠግቦ ይሰድብሃል። ላሞቼ ሲጠግቡ ግን ወተት ይሰጡሃል።»

«ፍየል ለላም ጠበቃ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

እንዲህ ነው የምንጠራራው። የሱ ጎሳ ፍየል፣ የኔ ጅብ ነው፤ እኛ ስንሰዳደብ ማንም አይቀየምም። ከአንዱ ጎሳ ሰው ሲሞት እንኳ የሌላው ጎሳ ሰው መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ያፌዛል፣ ያሻውን ይናገራል፣ ለቀስተኛውን ያስቃል። ለድካሙም ዶሮ ይሰጡታል።

ዘራሁ። ላብላቡም ተሳበ! አንድ ጠዋት አውራ ዶሮዬ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሐረጉ በጉሮሮው ገብቶ በጅራቱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላመነ ዶሮውን ይጠይቅ። በቆሎው እሸት ሳለ ከነአገዳው አጨድነው፤ ከላብላቡ ጋር ከትፈን በኔ ጓሮ በቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። ገፈራ፣ እንዲህ ተቀብሮ የሚብላላው የከብት መኖ፣ አየር ከገባበት ይሻግታል፤ ስለዚህ ሃቺሌካ ላዩ ላይ እየጨፈረ ረገጠው። ሚስቱ፣ ቢና ሞንዴ፣ ባልዲ እየመታች ታዘፍነው ነበር።

«እዩት! ፍየሉ ራቱን ይረግጣል!» አልኩ።

«ወርደህ ርገጥ፣ አንተ ሆዳም!»

በፕላስቲክ ሸፍነን አፈር ጫንበት። ሣር ሲጠፋ ልንከፍተው ተስማማን፤ እኔ መኖ ልሰጥ፣ እሱ ወተትና ፍግ።

ሣሩ ሳይደርቅ እሱ ደረቀ። ጉበቱ ነው አሉ። ሁለታችን ብቻ በነበርንበት ሰዓት እጄን ያዘ። አልሰደበኝም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

«ሙንሳካ፣» አለኝ በስሜ፣ «የእህቴ ልጆች ላሞቹን እንዳይነዱ። በወጋችን ወራሹ የእህት ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቢና ሞንዴ ያለ ላም ምን ትሆናለች? ለሷ ይቅሩ ብሏል በልልኝ።»

«ራስህ አትነግራቸውም?»

«ሳልሞት ካልደረሱስ?»

አልደረሱም።

ለቀብሩ የእህቱ ልጆች በጭነት መኪና መጡ። ታላቁ ሲሞንጋ ነው፤ ክፋት የሌለበት፣ ሳቂታ ሰው። ሕዝብ ሁሉ በተሰበሰበበት ብናገር ምስክር ይበዛልኛል ብዬ መቃብሩ አፍ ላይ ቆምኩ።

«ስሙኝ! ሃቺሌካ ላሞቼ ለሚስቴ ይቅሩ ብሏል። ለኔ ነው የነገረኝ!»

ሳቁ ፈነዳ።

«ጅብ የላም አደራ ተቀበለ!» አለች አንዲት አሮጊት።

«ኧረ ቀልድ አይደለም!»

ባሰባቸው። ሲሞንጋ ሆዱን ይዞ፣ «ቀጥል አንተ ጅብ፣ ዛሬስ ገደልከን!» አለ።

በእናቴ ስም ማልኩ። ሰዎች መሬት ላይ ተንከባለሉ። እንባዬ መጣ።

«ማልቀሱንም ይችልበታል እኮ!»

ቢና ሞንዴ ብቻ አልሳቀችም። እንዳመነችኝ ከዓይኗ አወቅሁ። ግን ባሏን የምትቀብር ሴት ስለ ከብት አፏን አትከፍትም።

በማግስቱ ሲሞንጋን በረቱ በር ላይ ያዝኩት።

«ልጄ፣ ትናንት ያልኩት እውነት ነው።»

«አጎቴ፣ ይብቃህ በናትህ! ጎኔ እስካሁን ያመኛል፤» አለና አንዲት ዶሮ አስታቀፈኝ። «አጎታችንን በደንብ ሸኝተህልናል። እግዜር ይስጥልን።»

ምስጋናው ከልቡ ነበር። ላሞቹን ጫኗቸው። የመጨረሻዋ እንቢ ብላ ወደ ቢና ሞንዴ ዞረች፤ ጅራቷን ጠምዝዘው አስገቧት። እኔ ዶሮዋን ታቅፌ ቆሜ ነበር።

አቧራው ሲበርድ ቢና ሞንዴ ባዶውን በረት መጥረግ ጀመረች።

«ያን ሁሉ ገፈራ ለማን ልትሰጠው ነው?»

«ከወንዙ ማዶ ላም ያለው ሰው አለ።»

«ጥሩ ነው። ይብሉት።» መጥረጊያዋን አቆመች። «ስትከፍተው ግን በኔ ደጅ አታሳልፈው፣ ወንድሜ። ሽታው አይድረሰኝ።»

በሌላ በኩል መንገድ አልነበረም። የራሴን አጥር አፍርሼ አወጣሁት።